ኩኩሉ በሳተላይት፦ ከጅሬን እስከ በለጠ ጫካ

ማክሰኞ ማታ

ሦስት ዕቃዎች ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አድረዋል። አንዱ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። አንዱ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ፕላስቲክ። ሦስተኛው በአራት በኩል የሚቆለፍ፣ ክዳኑ ዙሪያ ጎማ ያለው ምሳ ዕቃ ነው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ የታጠፈ ሶፍት ከትቻለሁ። እንዳይንሳፈፉ ድንጋይ ጭኜባቸዋለሁ። ጠዋት ሶፍቱ ረጥቦ የተገኘበት ዕቃ ጫካ አይገባም።

ቅዳሜ አምስት ሆነን ጂኦካሺንግ ልንወጣ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ጨዋታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጆች ሆነን አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል ሌሎቻችን «አልነጋም!» እያልን የምንደበቅበት ነው። እዚህ የሚደበቀው ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው። ደባቂው ውሃ የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ደብተር ያስቀምጣል። ቦታውን በጂፒኤስ ለክቶ ቁጥሩን ለፈላጊ ይሰጣል። ፈላጊው ሲያገኘው ስሙንና ቀኑን ጽፎ መልሶ እዚያው ይደብቀዋል። ከውስጡ ማስታወሻ የሚሆን ነገር ከወሰደ፣ በዋጋ ከዚያ የማያንስ ይተካል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የጨዋታው የልደት ቀን ይታወቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ነበር። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያሳስት ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ማደብዘዙ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ኦሪገን ውስጥ ጫካ ገብቶ አንድ ባልዲ ደበቀና ቁጥሩን በኢንተርኔት ለቀቀ። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ነገሮች አንዱ የታሸገ ባቄላ ነበር። ዛሬ ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ምክንያቱን የእኛን ዝንጀሮ የሚያውቅ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

ረቡዕ

ቆርቆሮው በውሃ ተሞልቷል። ብልቃጡ ደረቅ ነው። ምሳ ዕቃው ደረቅ ነው፣ ግን ክዳኑ ጥግ ላይ ሁለት ጠብታ አየሁ። ጎማውን አውጥቼ ስመለከተው አንድ የሩዝ ፍሬ ተጣብቆበታል። አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ስከፍተው ሶፍቱ ኩፍ እንዳለ ነው።

ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። በረሃ ውስጥ አሥር ዓመት የሚቆይ ዕቃ እዚህ አንድ ክረምት አይችልም። ደብተሩ ከረጠበ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ደብተሩን በትንሽ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ አስገባሁት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም ጨመርኩ። እስክሪብቶ አላስቀመጥኩም። ቀለሙ ወይ ይደርቃል ወይ ይፈሳል። እርሳስ ግን በእርጥብ ወረቀት ላይም ይጽፋል።

ዕቃውን ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ቀባሁት። ክዳኑ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ይህ ጨዋታ ነው፤ አደጋ የለውም፤ ከፍተው ማየት ይችላሉ» የሚል ጽሑፍ ለጠፍኩ። የአፋን ኦሮሞውን የጻፈልኝ ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ነው። ሦስት ጊዜ ሰርዞ ጽፎታል። ገበሬ አንብቦ ወዲያው እንዲገባው ፈልጎ ነው፣ ልክ ነበር።

ሐሙስ

ስለ ጠፋው ዕቃ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የቅዳሜው ዕቅድ የተወለደው ከእሱ ነው።

ባለፈው ወር የመጀመሪያዬን ዕቃ አዌቱ ወንዝ ዳር፣ ድልድይ አጠገብ፣ ድንጋይ ሥር ደበቅሁ። ማንም እንዳያየኝ ተጠንቅቄ፣ ግራ ቀኝ አይቼ። በሳምንቱ ስመለስ የለም። ድንጋዩ ተገልብጧል። አንድ ሊስትሮ ልጅ ጠራኝና «ጋሼ፣ ያን ቀን ሲደብቁ አይተንዎት ነበር። ምን እንደሆነ ፈርተን አንድ ሰው ጠራን፣ እሱ ወሰደው» አለኝ። አፈርኩ። ልጁ ትክክል ነበር። ከተማ መሃል፣ ድልድይ ሥር የተዘጋ ዕቃ ሸሽጎ የሚሄድ ሰው ካየሁ እኔም ሰው እጠራለሁ።

የውጭ አገር ተጫዋቾች ጨዋታውን የማያውቅ መንገደኛን «ሙግል» ይሉታል። ሙግል ሳያይህ መደበቅ፣ ሙግል ሳያይህ መፈለግ። እዚህ ይህ አይሠራም። ጅማ ውስጥ ሰው የማያይህ ቦታ የለም። ጫካ ውስጥም ቢሆን፣ በተለይ አሁን በኅዳር የቡና ለቀማ ወቅት፣ ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ቤተሰብ አለ። ስለዚህ ደንቡን ገለበጥነው። እያንዳንዱ ዕቃ ጠባቂ ይኖረዋል። ቦታው የማን እንደሆነ ይጠየቃል፣ ባለቤቱ ወይም ጎረቤቱ ያውቃል፣ ከፈለገ ከፍቶ ያያል። የሚደበቀው ከፈላጊው ብቻ ነው።

ዛሬ ቀበሌ ሄጄ አስረዳሁ። ያናገረችኝ ሴትዮ ምሳ ዕቃውን ከፍታ፣ ደብተሩን ገልብጣ፣ እርሳሱን አይታ «ልጆቼ ይወዱታል» አለች። ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ ከባንክና ከመንግሥት ሕንፃ አካባቢ እንደማናስቀምጥ ነገርኳት። ያንን ሳትጠይቀኝ በመናገሬ ደስ ያላት ይመስለኛል።

ዓርብ ማታ

ቁጥር ሠራሁ። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፣ ለጅማ ሰው ግን እጅግ ቀላል ነው።

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ናት፤ በምሥራቅ ደግሞ 36 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1,840 ሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮስ ደቂቃ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ያጥራል። አውሮፓ ሰሜን ውስጥ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ያለው ሦስተኛ አኃዝ በአንድ ሲለወጥ፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ተንቀሳቅሰሃል ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህን ከሰማ በኋላ ካርታ ሳያይ በእርምጃ መገመት ጀምሯል።

ካርታውን ስልኩ ላይ አወረድኩት። ስልክ ጠጋኝ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማለሁ፦ «ጂፒኤስ ያለ ዳታ ይሠራል?» ይሠራል። ስልኩ ምንም አይልክም፣ የሚያደርገው መስማት ብቻ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ሰምቶ፣ ምልክቱ ለመድረስ ከፈጀበት ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። ሰዓቱ በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ቢሳሳት ቦታው በ300 ሜትር ይሳሳታል። ዳታ የሚያስፈልገው የካርታውን ሥዕል ለማምጣት ነው፤ እሱን ቤት ዋይፋይ ላይ ካወረድከው ጫካ ውስጥ ኔትዎርክ ቢጠፋም ግድ የለም።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ጭጋግ ነው። ባጃጅ ውስጥ አራት ሆነን፣ መሬት ቀያሹ ጓደኛችን በሞተር ከኋላ፣ ወደ ጅሬን እየወጣን ነው። የጂኦግራፊ መምህሯ ጓደኛችን ቴርሞስ ይዛለች።

1፡15

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጅማን የገዙበት የእንጨት ሥራ። እዚህ ግቢ ውስጥ ምንም አንደብቅም፤ ይህን ገና ስንነሳ ተስማምተናል። ቅርስ ውስጥ ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው መጥራት ነውር ነው። የጨዋታው ደንብም በዚህ ጥብቅ ነው፣ ዕቃ ለማስቀመጥ መቆፈርም አይፈቀድም።

ግን ቦታውን ሳንነካ መጠቀም እንችላለን። ፈላጊው መጥቶ ከፊት ለፊት የሚታይ አንድ ነገር ይቆጥራል። ምን እንደሚቆጠር አልናገርም። ያ ቁጥር ለሚቀጥለው ቦታ የጎደለውን አኃዝ ይሰጠዋል። ሳይመጣ አያገኘውም። ታናሽ ወንድሜ ቆጠረ። መምህሯ ቆጠረች። በአንድ ተለያዩ። እንደገና ቆጠሩ። ልጁ ልክ ነበር።

ከኮረብታው ቁልቁል ከተማዋ ከጭጋግ ስትወጣ ማየት ብቻውን ለጉዞው በቂ ነበር። መምህሯ ቡና ቀዳች። ማንም ለሩብ ሰዓት ስልክ አልነካም።

4፡00

ባጃጁን አቁመን በሚኒባስ ወደ ሰቃ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ከጅማ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ቅዳሜ በመሆኑ መንገዱ ዳር የእሸት ቡና ጆንያ የጫነ አህያ ይተላለፋል። በየደጁ አልጋ ላይ ቀይ ቡና ተሰጥቷል።

ቁጥሩ የጀበና ቡና የምታፈላ እናት በረንዳ ላይ አደረሰን። የደበቀው ቀያሹ ነው። እሱ ጫማውን እያየ ዝም ብሏል። ዕቃዋ ትንሿ ብልቃጥ መሆኗን እናውቃለን። በረንዳው ላይ ስድስት የጅማ በርጩማ፣ ሁለት ጄሪካን፣ አንድ የአበባ ቆርቆሮ አለ። ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰው አስነስተን በርጩማ ልንገለብጥ?

«እማማ፣ ቡና አለ?» አለ የባጃጁ ጓደኛችን። ተቀመጥን። ይህ ነበር መፍትሔው። አቦል ሲቀዳልን ታናሽ ወንድሜ ስኒውን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል፣ የተቀመጠበት በርጩማ ሥር በጥቁር ሽቦ የታሰረ ነገር በጣቱ ነካ። ዓይኑ ፈጠጠ። እናትየው «ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልደረሰበትም! እኔም ለማንም አልተናገርኩም» ብለው ሳቁ። ቶና ጨምረው ቀዱልን፣ የእሱን ሒሳብ አልቀበልም አሉ።

ደብተሩ ላይ አምስታችንም ፈረምን። ቀያሹ ያስቀመጠውን ቁልፍ መያዣ ታናሽ ወንድሜ ወሰደ። በምትኩ ከቤት ይዞት የመጣውን የሚሠራ ትንሽ ኮምፓስ አስቀመጠ። ይወደው ነበር። እንዲተካ ማንም አላስታወሰውም።

6፡20

በለጠ ጫካ። ከሰቃ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ገባ ሲሉ ብርሃኑ ይለወጣል። ከላይ ቀረሮ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዋንዛ፤ ከሥር ቡና፤ ከዚያ በታች እርጥብ ቅጠል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጭራቸው እንደ ነጠላ ይውለበለባል።

ትልቁን ዕቃ እዚህ የደበቀችው መምህሯ ናት፤ እኔ ባልዲ ውስጥ የፈተንኩትን የመሰለ ሌላ ምሳ ዕቃ ነው። ሁለት ሳምንት አስቀድማ ከአንዲት ዘመዷ ጋር መጥታ። ቁጥሩን ሰጥታን «ከአሁን ጀምሮ አልናገርም» ብላ ጉቶ ላይ ተቀመጠች።

7፡10

የለም።

ቁጥሩ ያደረሰን ቦታ ላይ ዙሪያውን 30 ሜትር አበጥረናል። ወፍራም ቅጠል ምልክቱን ይሰብረዋል፣ ከግንድ ወደ ግንድ እየነጠረ ስለሚመጣ ስልኩ ቆመህ ሳለ ትሄዳለህ ይልሃል። ይህን ስለምናውቅ ሰማይ ወደሚታይበት ገላጣ ወጥተን፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቀን፣ ከዚያ አቅጣጫ ይዘን በእርምጃ ቆጥረን ገብተናል። ሁለት ጊዜ። ሁለቱም ጊዜ አንድ የሳማ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የጣለን። የባጃጁ ጓደኛችን እጁ አብጧል። ታናሽ ወንድሜ ጉንዳን ረግጦ ሱሪውን እያራገፈ ነው።

7፡25

መምህሯ ከጉቶዋ ተነሳች። «ወላሂ እዚያ አይደለም። እኔ የደበቅሁት አቀበቱ ላይ ነው፣ እናንተ ረግረጉ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?»

ቀያሹ ወረቀቱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አያቸው። በዲግሪ አልነበሩም፤ ባለ ስድስት አኃዝ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፣ በሜትር። «እነዚህን ከየት አመጣሻቸው?»

ለካ የደበቀች ቀን የስልኳ ባትሪ አልቆ ነበር። ወደ ቤት ተመልሳ ቦታውን አንድ አሮጌ 1፡50,000 ካርታ ላይ በጥንቃቄ ምልክት አድርጋ፣ በማስመሪያ ለክታ ከፍርግርጉ ላይ ቁጥሩን አነበበች። ልኬቷ ምንም ስህተት የለበትም። ቀያሹ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «አዲንዳን!»

ይህን ስም ከእሱ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ ቦታ ነው። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የልኬታቸው መነሻ እሱ ነው። ስልካችን የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ፣ ዓለም አቀፍ የሆነ መነሻ ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚያሳየው መሬት ይለያያል። የአዲንዳኑን ቁጥር እንዳለ ስልክ ላይ ካስገባኸው ወደ ደቡብና ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ከ200 ሜትር በላይ ያስትሃል። ልክ እኛ የቆምንበት ሳማ ውስጥ።

«ምሥራቁ ላይ 90 ገደማ ጨምር፣ ሰሜኑ ላይ 206» አለኝ። በቃሉ ያውቀዋል። በሥራው ላይ ይህን ባለማወቅ በተሳሳተ ቦታ የተተከለ ችካል አይቷል። ጨመርኩ። ቀስቱ ወደ አቀበቱ ዞረ።

መምህሯ ለሰኞ ክፍሏ ይህንኑ ልታስተምር ወረቀቷ ላይ እየጻፈች ነበር። እኔ በበኩሌ የሚቀጥለውን ሳጥን ቁጥር ከየትኛው መነሻ እንደተወሰደ ሳልጽፍ ለማንም አልሰጥም።

7፡50

አቀበቱ ላይ ቡና የሚለቅሙ አንድ አባት አገኘን። ቦታው የእሳቸው ነው። የባጃጁ ጓደኛችን በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጣቸው። ረዥም ሰላምታ ነበር፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ ተጠየቁ። ከዚያ እሳቸው መምህሯን አይተው አወቋት።

«ጠብቄዋለሁ» አሉ፣ ጓደኛችን እየተረጎመልን። «ዝንጀሮ አንድ ቀን አውጥቶ ጥሎት ነበር። መልሼ አስገባሁት። ምግብ አለመሆኑን ሲያይ ተወው።»

የት እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ዛፎቹ አመለከቱ። ጨዋታው ገብቷቸዋል።

8፡05

ከዚህ በኋላ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ቁጥሩ እስከ 15 ሜትር ያደርስሃል፤ የቀረው የዓይን ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፣ ግን ላዩ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። መምህሯ የሰው ቀፎ ያለበት ዛፍ ሥር ሰው አታንጋጋም። ተውነው። ቀጥሎ ቀረሮ አለ። ሥሩ እንደ ግድግዳ ወጥቶ በመሃሉ ጓዳ የሚያህል ክፍተት ይሠራል። ከክፍተቶቹ በአንዱ ውስጥ ደረቅ እንጨቶች ተደርድረዋል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ። ነፋስ እንጨት ሲጥል እንዲህ አያሰልፍም።

ታናሽ ወንድሜ ቀድሞኝ ተንበረከከ። እንጨቱን አንድ በአንድ አነሳ። ጥቁር አረንጓዴ ክዳን ብቅ ሲል ጫካውን በጩኸት ሞላው፤ «ነጋ! ነጋ!»

ከፈትነው። ዝንጀሮው ክዳኑ ላይ የጥርስ ምልክት ትቷል። ቁልፎቹ ግን አልተከፈቱም። ደብተሩ ደረቅ ነው። ባልዲውን አሰብኩ፣ የሩዟን ፍሬም።

8፡40

ስም ጻፍን። አባትየው በትኩረት ሲያዩን ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁ። ጓደኛችን ሲተረጉም ድምፁ ተለወጠ፦ «የጠበቀ ሰው አይጻፍም ወይ ይላሉ።»

እርሳሱን ሰጠናቸው። መጻፍ አልቻሉም። የልጅ ልጃቸው፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቅርጫቷን አስቀምጣ መጥታ በላቲን ፊደል የአያቷን ስም ከሁላችንም በላይ፣ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ጻፈች። ከሥሩም የራሷን። ከዚያ አያትየው ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ጀንፈል ቡና አውጥተው ሳጥኑ ውስጥ ሊጨምሩ እጃቸውን ዘረጉ።

ምግብ አይቀመጥም የሚለውን ደንብ እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። መምህሯ ቀደመችኝ። «አባቴ፣ ይህንንስ ዝንጀሮው አይተወውም» አለች። ሳቁ። ቡናውን በሁለት እጇ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «ገለቶማ» ብላ እጃቸውን ሳመች።

ሳጥኑን መልሰን እንጨቱን ደረደርን፤ አሁን ግን በተለያየ አቅጣጫ።

እሑድ ማታ

የጫካውን ቦታ በትክክለኛው መነሻ አሥር ጊዜ የለካሁትን አማካይ አውጥቼ ለአራቱም ልኬያለሁ። ሌላ ሳጥን በዚያ አካባቢ የሚያስቀምጥ ሰው ቢያንስ 161 ሜትር ይራቅ፤ ዓለም አቀፉ ደንብ ይህን ይላል፣ ፈላጊ እንዳይምታታበት።

መምህሯ ጀንፈሉን ወቅጣ፣ ቆልታ ዛሬ ጠራችን። አንድ እፍኝ ከቆዳው ሲወጣ አንድ ጀበና እንኳ አልሞላም። ለአምስት ሰው ግማሽ ግማሽ ስኒ ደረሰን።

ለሚቀጥለው፦ የድልድዩን ሊስትሮ ልጅ ላናግረው ነው። አዌቱ ዳር አዲስ ዕቃ እናስቀምጣለን፣ ጠባቂው እሱ ከሆነ። ብልቃጥ አለኝ። እርሳስ አልቋል፣ ሁለት ይገዛ። ለልጅቷም አንድ ደብተር።